ለማን ልስጥ? የበጎ አድራጎት ድርጅት ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?

አዲስ_ለጋሽ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከደመወዜ ላይ ለሰው የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ነጠል አድርጌ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ቆየሁ። አሁን ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ልሰጠው ፈልጌ ምርጫው ላይ ተቸግሬያለሁ።

ሦስት ድርጅቶች ዓይኔ ገብተዋል። አንዱ የሕፃናት ማሳደጊያ ያስተዳድራል። ፎቶዎቹ አንጀት ይበላሉ። ሁለተኛው የንጹሕ ውሃ ሥራ ይሠራል። ሦስተኛው የወባ አጎበር ያድላል። የእሱ ዌብሳይት ደረቅ ነው፤ ሰንጠረዥ፣ ቁጥር፣ አሁንም ሰንጠረዥ።

ጓደኛዬ «የአስተዳደር ወጪው ከ10 በመቶ ካለፈ ዞር በዪ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «ሁሉም ሌባ ነው፣ ለራስሽ ብዪበት» ይላል። የሁለቱም ምክር አልተዋጠልኝም። እናንተ በምን ትመርጣላችሁ?

ቆፍጣናዋ

ወንድምሽ ዝም ብሎ አላወራም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ50ዎቹም ግዛቶች ጋር ሆኖ አራት «የካንሰር በጎ አድራጎት ነን» የሚሉ ድርጅቶችን ከሰሰ። ለሕሙማን ብለው ከሕዝብ የሰበሰቡት ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ክሱ እንደሚለው መኪና ተገዝቶበታል፣ በመርከብ ሽርሽር ተሄዶበታል፣ የኮሌጅ ክፍያ ተከፍሎበታል። የሚቀጠረውም ዘመድና ወዳጅ ነበር። ለታማሚው የደረሰው ፍርፋሪ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለውን ሰዎቹ በደንብ ተግብረውታል።

እኔ ለድርጅት አልሰጥም። የማውቀው የተቸገረ ሰው አለ፣ ለእሱ እሰጣለሁ። አለቀ።

የሒሳብ_ሰው

ቆፍጣናዋ፣ ያነሳሽው ክስ ትክክል ነው፤ ዋናውን ግን ዘለልሽው። እኔ ኦዲተር ነኝ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ መመርመር እንጀራዬ ነው። ከዚያ ክስ ውስጥ የእኛ ሙያ ሰው የማይረሳው ሌላ ቁጥር አለ፤ 223 ሚሊዮን ዶላር። ድርጅቶቹ ይህን ያህል ዋጋ ያለው የዓይነት ስጦታ፣ ማለት በገንዘብ ሳይሆን በዕቃ የሚሰጥ፣ ተቀብለን ወደ ውጭ አገር ልከናል ብለው በሒሳባቸው ላይ አስፍረዋል፤ ይህ ደግሞ ሐሰት ነው ይላል ክሱ።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ስሌቱን እዩት። አንድ ድርጅት 100 ሰብስቦ 80ውን ለደመወዝና ስልክ እየደወሉ ገንዘብ ለሚጠይቁለት ሰዎች አወጣ፣ 20ውን ለሥራው አዋለ እንበል። የአስተዳደርና የማሰባሰቢያ ወጪው 80 በመቶ ነው። ያሳፍራል። አሁን «የ300 ዋጋ ያለው መድኃኒት በስጦታ ተቀብዬ አከፋፍያለሁ» ብሎ አንድ መስመር ይጨምር። ጠቅላላ ወጪው 400 ሆነ። ያው 80 አሁን 20 በመቶ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ተጨማሪ ሰው እንኳ ሳይታከም ድርጅቱ በወረቀት ላይ ቆጣቢ ሆነ።

ሌላም ዘዴ አለ። ስልክ ደውሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ወጪው የገቢ ማሰባሰቢያ ነው። ደዋዩ ግን በመሐል «በየጊዜው ምርመራ ማድረግዎን አይርሱ» የምትል ዓረፍተ ነገር ካስገባ፣ ከጥሪው ወጪ ከፊሉ «የኅብረተሰብ ትምህርት» ተብሎ ወደ ፕሮግራም ወጪ ሊዛወር ይችላል። በአግባቡ ሲሠራበት ሕጋዊ ነው። ሲለጠጥ ግን ልመናው ራሱ በጎ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለዚህ የጓደኛሽ 10 በመቶ ሌባውን አትይዝም። የምትይዘው ሐቀኛውን ነው። ደህና ሒሳብ ሠራተኛ የቀጠረ፣ ሥራው ውጤት ማምጣቱን የሚከታተል ባለሙያ ያለው ድርጅት ወጪው ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ የሚባሉ፣ ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች መረጃ የሚያወጡ ሦስት የአሜሪካ ተቋማት ለለጋሾች በጋራ ደብዳቤ ጽፈው፣ የአስተዳደር ወጪን ብቻውን መለኪያ አታድርጉ ብለዋል። ቻሪቲ ናቪጌተር ደግሞ ራሱ በዚያ መለኪያ ነጥብ ሲሰጥ የኖረ ነው።

አዲስ_ለጋሽ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ የኦዲት ሪፖርቱን ይዤ ምን ላይ ላፍጥ? የአንዱን አወረድኩት፣ ገጹ ብዙ ነው። ግማሹ አይገባኝም።

የሒሳብ_ሰው

ከኋላ ጀምሪ። መጨረሻ ላይ «የሒሳብ ማብራሪያዎች» የሚል ክፍል አለ። ፊት ለፊት ያለው ሰንጠረዥ ለሁሉም ያምራል፤ ጉዱ ያለው ማብራሪያው ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ከድርጅቱ ኃላፊዎች ጋር ዝምድና ካላቸው ሰዎች ጋር የተደረገ ግብይት ካለ ይጻፋል። የቦርድ ሰብሳቢው ባለቤት ቢሮ ታከራያለች? የሥራ አስኪያጁ ወንድም ዕቃ ያቀርባል? መኖሩ ብቻ ወንጀል አይደለም። መጠኑና ምክንያቱ ካልተገለጸ ግን ጠይቂ።

ከዚያ የዓይነት ስጦታን ፈልጊ። ከጠቅላላው ገቢ አብዛኛው በዓይነት ከሆነ ዋጋውን ማን ተመነው?

ከዚያ መጠባበቂያ። ድርጅት ለክፉ ቀን የተወሰኑ ወራት ወጪ ቢያስቀምጥ ጤናማ ነው። የብዙ ዓመት ወጪ በባንክ ይዞ «ዛሬውኑ ካልሰጡ ልጅቷ አትተርፍም» የሚል ከሆነ ግን ግራ ያጋባል።

ኦዲተሩ «ነቀፌታ የሌለበት» አስተያየት ሰጥቶ ከሆነም አትዘናጊ። እኛ የምንለው ሒሳቡ በትክክል ተመዝግቧል ነው። ገንዘቡ ሰው ጠቅሟል አላልንም፤ ማንም ይህን መርምር ብሎ አልከፈለንም። ሰነዶቹን በነጻ የምታገኚባቸው ቦታዎች አሉ። የአሜሪካ ድርጅት ከሆነ ፎርም 990 የሚባለውን፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያስገባውን ሪፖርት፣ ፈልጊ። የእንግሊዝና የዌልስ ከሆነ የቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው።

ድሮ_ደዋይ

ስለ ደዋይ ስለተነሳ ልግባበት። ለድርጅቶች ገንዘብ በሚያሰባስብ የጥሪ ማዕከል ሠርቻለሁ። የምናነበው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ነው። መጀመሪያ ሆን ብለን ከፍ ያለ መጠን እንጠራለን። ሰውየው «በዛብኝ» ሲል «በደንብ እረዳዎታለሁ» እንላለን፣ ወዲያው ግማሹን እንጠይቃለን። ያንንም እምቢ ካለ «እንግዲያው በየወሩ ትንሽ ትንሽ» ይመጣል። ይህችን የመጨረሻዋን ሳንል ስልኩን መዝጋት አይፈቀድልንም ነበር። በመሐል የልጅቷ ታሪክ ይገባል። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ናት፣ ስም አላት፣ ዕድሜ አላት። «በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት» ብለን ጀምረን አናውቅም።

ይህ ደግሞ እንዲሁ የመጣ ዘዴ አይደለም። ዴቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ለአንዲት ስሟ ለተጠራ ልጅ የሰጡት በሚሊዮኖች ስለሚቆጠሩ ችግረኞች ቁጥር ለቀረበላቸው ከሰጡት ይበልጥ ነበር። የሚገርመው፣ የልጅቷን ታሪክና ቁጥሩን አንድ ላይ ሲያቀርቡላቸው ስጦታው ከልጅቷ ብቻ ከነበረው ቀነሰ። ስለዚህ እህቴ፣ ያ አንጀት የሚበላው ፎቶ የፎቶግራፍ አንሺውን ችሎታ ይነግርሻል። የድርጅቱን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ደዋዩ የድርጅቱ ሠራተኛ ላይሆን ይችላል። የተቀጠረ ኩባንያ ነው፣ ድርሻውንም ከምትሰጪው ላይ ሊያነሳ ይችላል። ቆፍጣናዋ ባነሳችው ክስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከያንዳንዱ ስጦታ 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሚወስዱት አሰባሳቢዎቹ ነበሩ። «ከምሰጥህ ስንቱ ለእናንተ ኩባንያ ይቀራል?» በዪው። መልሱ ሲድበሰበስ ይታወቅሻል። ስልክ ላይ ደግሞ በጭራሽ አትስጪ። ስሙን ጽፈሽ ዝጊ፣ ከዚያ በራስሽ ፈልገሽ ዌብሳይታቸው ላይ ግቢ። ስሙንም ፊደል በፊደል አመሳክሪ። ከታዋቂ ድርጅት ስም አንድ ቃል ቀይሮ መነገድ የቆየ ሙያ ነው።

አዲስ_ለጋሽ

የልጅቷ ስም እስካሁን ከአፌ አልጠፋም 🙈

የመስክ_ሠራተኛ

እስካሁን የተወራው ስለ ሌብነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቅን ሰዎች ያሉባቸው፣ ኦዲታቸው ንጹሕ የሆነ፣ ግን ሥራቸው ጠብ የማይል ድርጅቶች። ሌባው በስንት አንዴ ይያዛል። እነዚህን ማንም አይከሳቸውም።

ስለ ውሃ ስላነሳሽ ፕሌይፓምፕ የሚባለውን ላስታውስሽ። ሐሳቡ ያማልላል። ልጆች እየተሽከረከሩ የሚጫወቱበት ክብ መጫወቻ ከውሃ ፓምፕ ጋር ይገጠማል፤ ልጆቹ ሲጫወቱ ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካዋ ቀዳማዊት እመቤት ላውራ ቡሽ የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ በይፋ አበሰሩለት። እስከ 2010 በአፍሪካ 4,000 ለመትከል ታቀደ። የተሽከረከረ የልጆች መጫወቻ አንዴ ከተገፋ በራሱ ይዞራል፤ ደስታውም እሱ ነው። ይህኛው ግን ውሃ ስለሚስብ ይከብዳል። ካልገፉት ይቆማል። ልጆቹ ደክሟቸው ሲሄዱ የሚገፉት ሴቶች ሆኑ፣ አሮጊቶች ጭምር። የድሮውን የእጅ ፓምፕ ነቅለው ይህን የተከሉባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሲሰበር ጠጋኝ ለመጠበቅ ወራት ይፈጃል። በግምገማ ወቅት ነዋሪዎቹ ሳይጠየቁ የተተከለባቸው መንደሮችም ተገኙ። በ2010 ገደማ ፓምፑን ሲያስፋፋ የነበረው የአሜሪካ ድርጅት ሥራውን አቁሞ የቀረውን ለሌላ አስረከበ። ማንም አልሰረቀም። ፎቶዎቹ ግን እስካሁን ያምራሉ።

ከዚያም የባሰ አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀመረ አንድ ፕሮግራም ነበር። ጥፋት የጀመሩ ወጣቶችን እስር ቤት ወስዶ እስረኞች እንዲያስፈራሯቸው ያደርጋል። ሰው ሁሉ ወደደው። በኋላ የሄዱት ካልሄዱት ወጣቶች ጋር እየተነጻጸሩ ሲጠና፣ የሄዱት ኋላ ላይ የፈጸሙት ጥፋት በለጠ። ያለ ንጽጽር ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? እያንዳንዱ የተስተካከለ ልጅ «የፕሮግራሙ ፍሬ» ተብሎ ብሮሹር ላይ ይወጣ ነበር።

የአጎበሩ ዌብሳይት ለምን ደረቅ እንደሆነ አሁን ይገባሻል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በዕጣ በተከፋፈሉ መንደሮች ላይ በተደጋጋሚ ተፈትኗል። የጥናቶቹ ድምር ግምገማ የሚያሳየው አጎበር ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸር የሕፃናት ሞት በ17 በመቶ ገደማ መቀነሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት በድህነት ጉዳይ እንዲህ ያለ የመስክ ሙከራ በማስፋፋታቸው ነው። ጊቭዌል የሚባለው ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እንዲህ ያለ ማስረጃ ያላቸውን ጥቂት ድርጅቶች ብቻ እየመረጠ፣ ስሌቱን ሳይቀር ይፋ ያደርጋል። ሁሉንም ተቀበዪ አልልሽም። ግን እንዴት እንደሚያስቡ አንብቢ።

የማሳደጊያውን ነገር ደግሞ ቀስ በዪ። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። እዚያ ያደረሳቸው ብዙ ጊዜ ድህነት ነው። በየአልጋው ልክ ገንዘብ ሲመጣ አልጋውን ባዶ ላለማስቀረት የሚሠራ ሰው ይኖራል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘመናዊ ባርነትን የሚመለከት ሕግ ስታወጣ ይህ ጉዳይ አብሮ የተነሳው በምክንያት ነው። ስለዚህ ድርጅቱን አንድ ጥያቄ ጠይቂው። ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ? በዚህ የሚኮራ ድርጅት ሳትጨርሺ ይመልስልሻል።

ቆፍጣናዋ

እሺ፣ አጎበር ይቆጠራል። የማይቆጠረውስ? ለተገፋ ሰው በነጻ የሚሟገት ጠበቃ በምን ሊለካ ነው? ሊሞት የተቃረበን ሰው እጅ ይዞ አጠገቡ የሚቀመጥስ? መንደሮችን በዕጣ ከፋፍለን ግማሹን ብቻውን ይሙት ልንል ነው? እናንተ ቁጥር አምላኪዎች የምትሉትን ብንሰማ ዓለም ላይ የሚቀረው አጎበርና ክትባት ብቻ ነው።

የመስክ_ሠራተኛ

ይህ ልክ ነው፤ ሁሉም ነገር በሙከራ አይፈተንም። ለማይቆጠረው እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ «የሞከራችሁትና ያልሠራው ምንድን ነው? ምን ለወጣችሁ?» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ሥራውን የምር የሚሠራ ሰው ለዚህ መልስ አያጣም። «ሁሉም ተሳክቶልናል» የሚለኝን እሸሻለሁ።

ዝምተኛው_አንባቢ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ቆፍጣናዋን ትንሽ ልደግፍ። ለሰው በቀጥታ ጥሬ ገንዘብ መስጠት የሰነፍ ምጽዋት አይደለም። ጊቭዳይሬክትሊ የሚባለው ድርጅት ሥራው ይኸው ነው፤ ለድሃ ቤተሰቦች በሞባይል ገንዘብ ይልካል፣ በምን ላይ አዋላችሁ ብሎ ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። «ይጠጡበታል» የሚለውም ስጋት ተጠንቷል። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲገመገሙ እንዲህ ያለ ድጎማ ለአልኮልና ለትምባሆ የሚወጣውን ወጪ እንደማይጨምር ታይቷል።

ግን ቆፍጣናዋ፣ የምናውቀው ሰው ብቻ ከሆነ የሚረዳው፣ የሚያውቀው ሰው የሌለውስ?

ቆፍጣናዋ

ለእሱ አንተ ስጠው 😄

አወያይ

አንድ ኮሜንት አጥፍቻለሁ። የግል የባንክ ሂሳብ ቁጥርና የታማሚ ፎቶ አስቀምጦ «ጊዜ የለም፣ ሼር አድርጉ» የሚል ነበር። ጉዳዩ እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ማጣራት አንችልም፣ የሌላ ሰው ፎቶ አንስተው የሚለጥፉም ብዙ ናቸው። የእርዳታ ጥሪ እዚህ መለጠፍ አይቻልም። ውይይቱ ይቀጥል።

ድሮ_ደዋይ

አወያይ በርታልን። ለእንዲህ ዓይነቱ እኔ የማደርገው ፎቶውን በምስል ፍለጋ ማሳለፍ ነው። ያው ሕፃን በሦስት ስምና በሦስት በሽታ ሲወጣ አይቻለሁ። «በስጦታ ካርድ ወይም በክሪፕቶ ላኩ» የሚል ከመጣ ደግሞ ማጣራትም አያስፈልግም።

የመስክ_ሠራተኛ

ከተነሳ አይቀር ስለ ድንገተኛ አደጋ አንድ ነገር። መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ጎርፍ ሲመጣ የሁሉም ሰው እጅ በአንድ ቀን ይዘረጋል። ያኔ ልብስና ዕቃ መላክ ብዙ ጊዜ ሸክም ነው። የሚለየው፣ የሚያከማቸውና የሚያጓጉዘው ሰው ከነፍስ አድን ሥራው ላይ ይወሰዳል። ገንዘብ ይሻላል፤ ያውም አደጋው ከመድረሱ በፊት እዚያ አካባቢ ሲሠራ ለኖረ ድርጅት።

ሁሌ የማስታውሰው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሕንድ ውቅያኖስ ከደረሰው ሱናሚ በኋላ ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ሲመጣ፣ ብዙም ሳይቆዩ «ለሱናሚው የሚያስፈልገን ሞልቷል፣ ከዚህ በኋላ ለሌሎች አስቸኳይ ሥራዎቻችን ስጡን» አሉ። እንዲያ ማለታቸው ያስወቀሳቸውም ነበር። እኔ ግን «ይበቃናል» ለሚል ድርጅት ሳልጠየቅ እሰጣለሁ።

የሒሳብ_ሰው

እዚህ ላይ አንድ የተግባር ነገር። «ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ» ብሎ ማሰር ለጋሽን ደስ ይላል። ድርጅቱን ካመንሽው ግን ሳታስሪ ስጪ፤ የታሰረ ገንዘብ አንዱ ካዝና ሞልቶ ሌላው ሲደርቅ እንኳ አይነካም። ካላመንሽው ደግሞ ማሰሩ አያድንሽም። ያንቺን ለፕሮጀክቱ መዝግቦ፣ ለፕሮጀክቱ ሊያውለው የነበረውን የራሱን ወደ ሌላ ያዞረዋል።

አዲስ_ለጋሽ

ምክራችሁን ይዤ ለሦስቱም ጻፍኩላቸው። ለማሳደጊያው፣ ስንት ልጆች ወደ ቤተሰብ ተመለሱ ብዬ። ለሌሎቹ፣ ያልሠራው ምን ነበር ብዬ።

ማሳደጊያው በማግሥቱ መለሰ። ምስጋና፣ አራት አዳዲስ ፎቶዎችና የመክፈያ ሊንክ። ቁጥር የለም። ደግሜ ጠየቅኩ፤ «የእርስዎ ደግነት የነገ ተስፋ ነው» አሉኝ።

አጎበሮቹ ዘገዩ። የመጣው ግን ረጅም ኢሜይል ነው። በአንድ አካባቢ ክትትል ሲያደርጉ ብዙ አጎበሮች ከታሰበው ጊዜ ቀድመው ተቀዳደው እንዳገኟቸው፣ ለቀጣዩ ዙር የጨርቁን ዓይነት እንደቀየሩ፣ ዕደላው የሚደገምበትን ጊዜም እያጠኑ መሆኑን ጻፉልኝ። ዓባሪው የክትትል ሰንጠረዥ ነው። ፎቶ የለም።

ወንድሜን አሳየሁት። «ተቀደደ ብለው ራሳቸው ጻፉ?» ብሎ ሁለቴ አነበበው።

በየወሩ ልስጥ ወይስ በዓመት አንዴ?

የሒሳብ_ሰው

በየወሩ። ለእነሱ ማቀድ ይቀላል። ግን በካርድሽ ላይ በራሱ የሚቆረጥ ከሆነ በዓመት አንድ ቀን መድበሽ ሪፖርታቸውን እንደገና እዪ፤ ተረስቶ የሚቆረጥ ገንዘብ ላይ የሚኖር ድርጅት ሞልቷል። ስትከፍዪ ደግሞ መጨረሻው ገጽ ላይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸውን ሳጥኖች እዪ። አንዳንድ የክፍያ ገጽ ለራሱ «ጉርሻ» ይጨምርና ሳታዪው ያልፋል። ደረሰኝሽን አስቀምጪ።

ቆፍጣናዋ

የውሃዎቹስ ምን አሉ?

አዲስ_ለጋሽ

እስካሁን አልመለሱም። ትናንት ግን «ውድ ለጋሻችን» የሚል የማስታወቂያ ኢሜይል ላኩልኝ። ገና ምንም ሳልሰጣቸው።